የበይነ መረብ ትምህርት በዩኒቨርሲቲዎቻችን፦ ፕሮጀክቱ ሲያበቃ ምን ይቀራል?

መጋቢት 4/2012 ዓ.ም በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮሮና ቫይረስ ታማሚ መገኘቱ ይፋ ኾነ። በሦስተኛው ቀን ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ ብዙም ሳይቆይ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሻንጣቸውን ይዘው ወደየቤተሰቦቻቸው ተሸኙ። በዚያ ወቅት በየገጠር ቀበሌው የታየውን ብዙዎች ያስታውሱታል። የሦስተኛ ዓመት የምህንድስና ተማሪ የነበረው ልጅ ቀን ከአባቱ ጋር ማሳ ላይ ይውላል፤ ሲመሽ ደግሞ መምህሩ በቴሌግራም የላኩትን ጽሑፍ ለማውረድ ጉብታ ላይ ወጥቶ ኔትወርክ ይፈልጋል። የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ትምህርታቸውን በርቀት እንዲቀጥሉ ጥረት ተደርጓል። ለብዙኀኑ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ግን ትምህርቱ ቆመ። ተመራቂዎች በቅድሚያ ተጠርተው ወደ ግቢ መመለስ የጀመሩት በ2013 ዓ.ም የመጀመሪያዎቹ ወራት ነበር። ለአንዳንዱ ከግማሽ ዓመት በላይ፣ ለሌላው ወደ አንድ ዓመት የሚጠጋ ጊዜ ባከነ። ልጁን ለማስተማር በሬውን የሸጠ አባት ዘንድ ይህ ቁጥር ብቻ አይደለም፤ ልጁ ደመወዝ ይዞ ታናናሾቹን መርዳት የሚጀምርበት ጊዜ ያን ያህል ራቀ ማለት ነው።

ከዚያ ወዲህ የበይነ መረብ ትምህርትን ሳይጠቅስ የሚያልፍ የዩኒቨርሲቲ ዕቅድ ማግኘት ይከብዳል። በትምህርት ሚኒስቴር፣ በማስተርካርድ ፋውንዴሽን፣ በአሜሪካው አሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲ እና ሻያሾኔ በተባለው ሀገር በቀል ድርጅት ትብብር የተጀመረው፣ በምሕጻሩ "ኢ-ሺ" እየተባለ የሚጠራው መርሐ ግብር መምህራንንና ተማሪዎችን ለዚህ አሠራር ለማብቃት ታልሞ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች እየተሠራበት ይገኛል። በየግቢው የቀረጻ ክፍሎች እየተደራጁ ነው፤ ኮርሶችም ወደ ኮምፒውተር እየተገለበጡ ነው። ጅምሩ የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን በሀገራችን የትምህርት ቴክኖሎጂ ታሪክ ውስጥ ጅምር ጠፍቶ አያውቅም። የጠፋው ቀጣይነት ነው። የውጭ ድጋፍ ያለው ማንኛውም መርሐ ግብር የማብቂያ ቀን አለው። ያ ቀን ሲደርስ የሰርቨሩን ወጪ ማን ይከፍላል? ያረጀውን ኮርስ ማን ያድሰዋል? የሠለጠነው ባለሙያ በምን ደመወዝ ይቆያል? ይህ ጽሑፍ የሚያተኩረው በእነዚህ ጥያቄዎች ላይ ነው።

ያለፈውን ማስታወስ ይገባል። በ1997 ዓ.ም የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በሳተላይት በሚሠራጭ የፕላዝማ ቴሌቪዥን ማስተማር ሲጀምሩ የነበረውን ተስፋ የዚያ ዘመን ተማሪ ሁሉ ያውቀዋል። በብረት ሳጥን ውስጥ የተቆለፈ ትልቅ ቴሌቪዥን በየክፍሉ ተተከለ። በእንግሊዝኛ የተቀረጸው ትምህርት በሰዓቱ ይለቀቃል፤ ከክፍለ ጊዜው አብዛኛውን ቴሌቪዥኑ ይወስደዋል፤ ለመምህሩ የሚተርፉት ጥቂት ደቂቃዎች ናቸው። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢም በፕላዝማ ከተማሩት አንዱ ነው። በቴሌቪዥኑ ላይ ያለው መምህር ጥያቄ ይጠይቅና ለአፍታ ይጠብቃል፤ ከዚያም "በጣም ጥሩ" ብሎ ያልፋል። ከእኛ መካከል ግን አንድም ሰው አልመለሰም፤ አብዛኞቻችን ጥያቄውንም አልሰማነውም ነበር። መብራት የጠፋ ዕለት ደግሞ የዚያን ቀን ትምህርት መልሶ ማግኘት አይቻልም፤ ሳተላይቱ የእኛን ቀበሌ መብራት አይጠብቅማ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ቴሌቪዥኖቹ በየተራ ተበላሹ። መለዋወጫውን የሚያቀርብ፣ የሚጠግን ባለሙያም በአቅራቢያ አልነበረም። በብዙ ትምህርት ቤቶች ባዶው ሳጥን ግድግዳ ላይ ቀርቶ ታይቷል።

በዩኒቨርሲቲ ደረጃም ተመሳሳይ ጉዞ ነበር። የአፍሪካ ቨርቹዋል ዩኒቨርሲቲ በዓለም ባንክ ፕሮጀክትነት እ.ኤ.አ. በ1997 ዋሽንግተን ላይ ሲመሠረት በሰሜን አሜሪካና በአውሮፓ ዩኒቨርሲቲዎች የሚሰጥ ትምህርትን በሳተላይት ወደ አፍሪካ ማምጣት ዓላማው ነበር፤ ኢትዮጵያም ከተሳታፊዎቹ አንዷ ነበረች። ዋና መሥሪያ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2002 ወደ ናይሮቢ ተዛወረ። ቀጥሎ የሕንድ ፕሬዚዳንት የነበሩት ኤ.ፒ.ጄ. አብዱል ካላም ያፈለቁት የመላው አፍሪካ የኤሌክትሮኒክስ ኔትወርክ መጣ፤ የሙከራ ትግበራው እ.ኤ.አ. በ2007 የተጀመረው በኢትዮጵያ ነበር። በርካታ ኢትዮጵያውያን በዚህ መንገድ ከሕንድ ዩኒቨርሲቲዎች ዲግሪ አግኝተዋል፤ ውጤት አልነበረውም ማለት ሐሰት ነው። ይሁን እንጂ ኮርሱም፣ መምህሩም፣ የሳተላይቱ ክፍያም ከውጭ ነበር። አባቶች "ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ" ሲሉ ስለ ሳተላይት ባያስቡም ነገሩ ይገጥማል። ክፍያው የቆመ ዕለት በእኛ እጅ የሚቀረው ሳህኑ ብቻ ነው።

እነዚህን ሙከራዎች የሚያመሳስላቸው የመሣሪያው ዓይነት አይደለም። አንዱ ቴሌቪዥን፣ አንዱ ሳተላይት፣ የአሁኑ ደግሞ ኢንተርኔት ነው። የሚያመሳስላቸው ገንዘቡ የሚወጣበት ቦታ ነው። ለግዥና ለምረቃ የሚኾን ገንዘብ ይገኛል። ለጥገና፣ ለማደስና ለሰው ኀይል የሚኾነው ግን ከመደበኛው በጀት ውስጥ ቦታ አላገኘም። ግዥ አንድ ጊዜ ይከፈላል፤ በዓል አለው፤ ሪባን ይቆረጥለታል። ጥገና በየወሩ ይከፈላል፤ የሚመርቀው የለም። አንድ አርሶ አደር የውኃ ፓምፕ ሲገዛ ስለ ነዳጁና ስለ መለዋወጫው አስቀድሞ ይጠይቃል። ዩኒቨርሲቲዎቻችንም ሰርቨር ሲገዙ እንዲሁ መጠየቅ ነበረባቸው።

ወጪውን ዘርዝሮ ማየት ይጠቅማል። አንደኛው የውጭ ምንዛሪ ነው። ሐምሌ 22/2016 ዓ.ም መንግሥት የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲያደርግ አንድ የአሜሪካ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ኾነ። በዶላር የሚከፈል የሶፍትዌር ፈቃድ ያለው ዩኒቨርሲቲ ምንም አዲስ ነገር ሳይገዛ ዕዳው በእጥፍ ሊጠጋ ምንም አልቀረው። በአንጻሩ ሙድል የተባለውን፣ አውስትራሊያዊው ማርቲን ዱጊያማስ እ.ኤ.አ. በ2002 ለሕዝብ ያቀረበውንና ማንም በነጻ ሊጠቀምበት የሚችለውን የማስተማሪያ ሶፍትዌር የሚጠቀም ተቋም የፈቃድ ክፍያ የለበትም። ሙድል በዓለም ዙሪያም በሀገራችንም በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ይሠራል። ነጻ ሲባል ግን ያለ ወጪ ማለት አይደለም። የሚያስተዳድረው፣ የሚያድሰውና ከመረጃ ዘራፊዎች የሚጠብቀው ባለሙያ ይፈልጋል። ልዩነቱ በዶላር ለውጭ ይከፈል የነበረው በብር ለራስ ልጅ መከፈሉ ነው። ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም፤ የዘላቂነት ግማሹ መልስ እዚህ ላይ ነው ብሎ መናገር ይቻላል።

ሁለተኛው የኢንተርኔት ክፍያ ነው። ይህ ተቋሙ የሚሸሸውና በተማሪው ትከሻ ላይ የሚወድቅ ወጪ ነው። አንድ ሰዓት የሚፈጅ የቪዲዮ ትምህርት እንደ ምስሉ ጥራት ከግማሽ እስከ አንድ ጊጋ ባይት ይበላል። ያው ትምህርት በድምፅ ብቻ ቢቀረጽ 30 ሜጋ ባይት ገደማ ይበቃዋል፤ ከጽሑፍ ማስታወሻ ጋር ቢላክ እንኳ ከቪዲዮው አንድ አስረኛ አይደርስም። በሴሚስተር አምስትና ስድስት ኮርስ የሚወስድ ተማሪ ሁሉንም በቪዲዮ ይከታተል ቢባል የሚያስፈልገው የኢንተርኔት ጥቅል ቤተሰቡ በወር ከሚልክለት የኪስ ገንዘብ ጋር የሚነጻጸር አይደለም። የቀረጻ ክፍል ባለው ግቢ ውስጥ ተቀምጦ ኮርስ የሚያዘጋጅ መምህር ይህን ላያስተውለው ይችላል። ካሜራው አለ፤ መብራቱ አለ፤ ስለዚህ ቪዲዮ ይሠራል። የሚሠራለት ሰው ግን በአስር ብርና በሃያ ብር ጥቅል የሚቆጥር ነው።

ደቡብ አፍሪካ በወረርሽኙ ጊዜ ይህን ችግር ተቋማዊ መፍትሔ ሰጥታዋለች። እ.ኤ.አ. በ2020 ዩኒቨርሲቲዎች ከቴሌኮም ኩባንያዎች ጋር ተደራድረው ለተማሪዎቻቸው በወር 30 ጊጋ ባይት የሚደርስ ጥቅል ሰጡ፤ 10ሩ በማንኛውም ሰዓት፣ 20ው በሌሊት የሚሠራ። የትምህርት ድረ ገጾችም ያለ ክፍያ የሚከፈቱበት አሠራር ተዘረጋ። የሌሊቱ ክፍል ብልኀት አለበት፤ ኔትወርኩ ሥራ በሚፈታበት ሰዓት የሚሰጥ ስለኾነ ለኩባንያው ብዙም አያከስረውም። በእኛም ሀገር ኢትዮ ቴሌኮም ብቻውን አይደለም፤ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ከ2015 ዓ.ም መጀመሪያ ጀምሮ ገበያ ውስጥ ገብቷል። ከ40 በላይ የሚኾኑት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች በአንድ ድምፅ ቢደራደሩ ምን ያህል ጉልበት እንደሚኖራቸው ለመገመት የኢኮኖሚ ባለሙያ መኾን አያስፈልግም። ዩኒቨርሲቲዎቹን በአንድ መስመር ለማገናኘት የተቋቋመው የኢትዮጵያ የትምህርትና ምርምር ኔትወርክም ለዚህ ድርድር የተፈጠረ ያህል ነው።

መብራቱስ? ከኢትዮጵያ ሕዝብ ግማሽ ያህሉ አሁንም ኤሌክትሪክ አያገኝም። ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4/2017 ዓ.ም ተመርቋል፤ የማመንጨት አቅሙ 5 ሺህ 150 ሜጋ ዋት ነው። ይህ ታላቅ ሀብት ነው። በተራራው የተመነጨው ኀይል ግን ወደ ቀበሌው የሚደርሰው በምሰሶ፣ በሽቦና በትራንስፎርመር ነው፤ ያ ሥራ ገና ብዙ ይቀረዋል። ስለዚህ ኮርሱ መብራት ሲጠፋ አብሮ የሚጠፋ መኾን የለበትም። ተማሪው ኔትወርክ ባገኘበት ሰዓት ወደ ስልኩ አውርዶ፣ ያለ ኔትወርክ አንብቦና አዳምጦ፣ የቤት ሥራውን ሠርቶ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ኔትወርክ ሲያገኝ የሚልክበት አሠራር አለ፤ የሙድል የስልክ መተግበሪያ ራሱ ይህን ያደርጋል። በየግቢው በተቀመጠ ሰርቨር ላይ የኮርሶቹን ቅጂ አስቀምጦ ከውጭ ኢንተርኔት ሳይፈልጉ በግቢው ዋይፋይ ማግኘትም ይቻላል። ቴክኖሎጂው አዲስ አይደለም፤ ውድም አይደለም። የሚጎድለው ኮርሱ ከመጀመሪያው በዚህ መንገድ እንዲዘጋጅ የሚያስገድድ መመሪያ ነው።

ይህ ጉዳይ ለክልላችን ከሌላው ይበልጥ ቅርብ ነው። በአማራ ክልል ዐሥር የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች አሉ። በሰሜኑ ጦርነት በ2013 ዓ.ም መጨረሻና በ2014 ዓ.ም መጀመሪያ የወልድያና የወሎ ዩኒቨርሲቲዎች ሲዘረፉና ሲወድሙ ኮምፒውተሩም፣ የቤተ ሙከራ ዕቃውም፣ ሰነዱም አብሮ ሄዷል። ከዚያም ከነሐሴ 2015 ዓ.ም ጀምሮ በክልሉ በተፈጠረው የጸጥታ ችግር የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ቆይቷል። መንገድ ሲዘጋ ተማሪ ወደ ግቢ መድረስ አይችልም፤ ኢንተርኔት ሲዘጋ ደግሞ ግቢው ወደ ተማሪው መድረስ አይችልም። በሁለቱም በኩል የተዘጋበት ተማሪ ዕድሜው ግን አይቆምለትም። ከዚህ የምንወስደው ተግባራዊ ነገር ቢኖር የኮርሱ ቅጂ በአንድ ቦታ ብቻ መቀመጥ እንደሌለበት ነው። በሀገር አቀፍ የመረጃ ማዕከል አንድ፣ በጎረቤት ዩኒቨርሲቲ አንድ፣ በግቢው አንድ ቅጂ ሊኖር ይገባል። በወረቀት የሚታተም ሞጁልም ጊዜው አልፎበታል ተብሎ መጣል የለበትም። ያለ መብራትና ያለ ኔትወርክ የሚሠራ ብቸኛው የርቀት ማስተማሪያ እርሱ ነውና።

አሁን ወደ ሰው እንምጣ፤ ከሁሉ የሚከብደው እርሱ ነው። መምህር አንድን ኮርስ ለበይነ መረብ ሲያዘጋጅ በመማሪያ ክፍል የሚያስተምረውን በካሜራ መቅረጽ ብቻ አይደለም ሥራው። ትምህርቱን በአጫጭር ክፍል መከፋፈል፣ በየክፍሉ መልመጃ ማዘጋጀት፣ መልስ መስጠት፣ የቀረውን ተማሪ መፈለግ አለበት። ይህ ከመደበኛው ማስተማር የበለጠ ጊዜ ይወስዳል። በአሁኑ አሠራር ግን የመምህር ሥራ የሚቆጠረው ክፍል ውስጥ በሚያሳልፈው ሰዓት ነው፤ ደረጃ ዕድገቱም በዋናነት በሚያሳትመው ጥናት ይወሰናል። ጥሩ የበይነ መረብ ኮርስ ያዘጋጀ መምህር ከሥልጠናው የምስክር ወረቀት በቀር ምን አገኘ? የኑሮ ውድነቱ ባጎበጠው ደመወዝ ላይ ያለ ክፍያ ተጨማሪ ሥራ ማከል ለአንድ ሴሚስተር ይቻል ይኾናል፤ ለዐሥር ዓመት አይቻልም። ሰርቨሩን የሚያስተዳድሩት ወጣት የኮምፒውተር ባለሙያዎች ደግሞ ልምድ እንዳገኙ ባንክ ወይም የግል ድርጅት ይወስዳቸዋል። ባንኩን መውቀስ አይቻልም፤ የተሻለ ይከፍላል። በዩኒቨርሲቲው መዋቅር ውስጥ ለዚህ ሥራ በቂ ደረጃ ያለው የሥራ መደብ እስካልተፈቀደ ድረስ ሥልጠናው ለባንኮች የሚደረግ ድጋፍ ኾኖ ይቀጥላል።

ሌላም የማይነገር ጉዳይ አለ። ያለ አስጠኚ የሚሰጥ የበይነ መረብ ኮርስ ተማሪውን አይዝም። በዓለም ላይ ታዋቂ ዩኒቨርሲቲዎች በነጻ ለሕዝብ በከፈቷቸው ትልልቅ ኮርሶች ከተመዘገቡት መካከል የሚጨርሱት አብዛኛውን ጊዜ ከዐሥር አንድ አይሞሉም። እነዚያ ደግሞ ኢንተርኔትም፣ ኮምፒውተርም፣ ቋንቋውም ያላቸው ናቸው። በዚህ ላይ የእኛ ተማሪ በእንግሊዝኛ ያለበትን ችግር ማከል ነው። በ2014 ዓ.ም የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3 ነጥብ 3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በቀጣዩ ዓመትም ከዚያ አልተሻለም። የመውጫ ፈተና በ2015 ዓ.ም መጨረሻ በሁሉም የመጀመሪያ ዲግሪ መስኮች በኮምፒውተር ሲሰጥም በመጀመሪያው ዙር ከተፈተኑት ከግማሽ በላይ የሚኾኑት ማለፊያውን ነጥብ አላገኙም። ይህን መሠረት ይዞ የመጣ ተማሪን ከስክሪን ፊት ብቻውን ማስቀመጥ የፕላዝማውን ስሕተት በትንሽ ስልክ መድገም ነው።

የርቀት ትምህርትን ለዘመናት ያቆዩት ሀገራት ይህን ያውቁታል። የደቡብ አፍሪካው ዩኒሳ ከ1946 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በደብዳቤ ሲያስተምር ኖሮ ነው ወደ ኢንተርኔት የገባው። በሕንድ እ.ኤ.አ. በ1985 የተመሠረተው የኢንድራ ጋንዲ ብሔራዊ ክፍት ዩኒቨርሲቲ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ተማሪዎችን የያዘው በስክሪን ብቻ አይደለም። በየአውራጃው ባሉ ኮሌጆች ውስጥ የጥናት ማዕከላት አሉት፤ ተማሪው በዕረፍት ቀን ሄዶ አስጠኚ ያገኛል፤ የቤት ሥራውን ያስረክባል፤ ይፈተናል። ሕንጻው የሌላ ተቋም ነው፤ አስጠኚውም የዚያው አካባቢ መምህር ነው። ለዚህም ነው ወጪው የማይከብደው።

ለእኛ ቅርብ የኾነውን ምሳሌ ግን ከዩኒቨርሲቲ ውጭ እናገኘዋለን፤ ይህንንም ከአንባቢዎቻችን ብዙዎቹ ደውለው ያውቁታል። የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2014 የጀመረው የ8028 የአርሶ አደር የስልክ መስመር በነጻ ይደወላል፤ በተራ ስልክ ይሠራል፤ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በትግርኛ ይናገራል። ስለ ጤፍ በመስመር መዝራት፣ ስለ ማዳበሪያ መጠን፣ ስለ ተባይ የሚፈልጉትን ቁጥር ተጭነው ይሰማሉ። ስክሪን የለውም፤ ቪዲዮ የለውም። ግን በሚሊዮን የሚቆጠር ጥሪ ተቀብሏል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የተሠራው ተጠቃሚው በእጁ ካለው መሣሪያ፣ ከሚናገረው ቋንቋና ከኪሱ አቅም ተነሥቶ ነው። ከዩኒቨርሲቲዎቻችን የኢ-ለርኒንግ ማዕከላት መካከል ለገበሬ የተሠራውን ይህን መስመር ሄዶ ያጠና ስለመኖሩ አልሰማንም፤ ቢያጠኑት ግን ብዙ ይማሩበት ነበር። የዩኒቨርሲቲ ኮርስ በስልክ ጥሪ ይሰጥ ማለታችን አይደለም። የአንድን ሳምንት ትምህርት በአማርኛ በድምፅ ማብራራት፣ ጽሑፉን በእንግሊዝኛ ማስቀመጥ፣ ሁለቱንም ከ50 ሜጋ ባይት ሳያሳልፉ መላክ ግን ይቻላል።

ከማን ይጀመር የሚለውም መታየት አለበት። እስካሁን ያለው ትኩረት በግቢ ውስጥ ያለው፣ አስተማሪውን በየቀኑ የሚያገኘው መደበኛ ተማሪ ላይ ነው። እርሱ ከበይነ መረብ የሚያገኘው ተጨማሪ ጥቅም ነው። ዋናው ተጠቃሚ ሌላ ቦታ ነው ያለው። በወረዳ የሚሠራ መምህር ዲግሪውን ለማሻሻል ስንት ክረምት ቤቱን ዘግቶ ወደ ዩኒቨርሲቲ ከተማ ይሄዳል? የቤት ኪራዩ፣ ትራንስፖርቱ፣ ምግቡ ከደመወዙ ላይ ነው። የቀበሌ የግብርና ባለሙያው ለትምህርት ሲሄድ በዚያው ክረምት አርሶ አደሩ ሰብሉን ተባይ ሲመታበት የሚጠይቀው ሰው ያጣል። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ልጇን ትታ ካልሄደች ደረጃዋ አያድግም፤ ስለዚህ አትሄድም። ለእነዚህ ሰዎች የበይነ መረብ ትምህርት ምቾት ሳይኾን ብቸኛው በር ነው። ደመወዝ ስላላቸው መጠነኛ ክፍያ ይከፍላሉ፤ ሥራ ላይ ስላሉ የተማሩትን በማግስቱ ይሞክሩታል፤ ዕድሜያቸውም ለመጨረስ ያላቸውን ቁርጠኝነት ይጨምረዋል። ከእነርሱ የሚገኘው ክፍያ ደግሞ ለሰርቨሩና ለአስጠኚው መደበኛ የገቢ ምንጭ ይኾናል፤ ከለጋሽ እጅ የማይጠበቅ።

የጥናት ማዕከል ለማድረግም አዲስ ሕንጻ አያስፈልግም። በየወረዳው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አለ፤ በየከተማው የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ አለ፤ የአርሶ አደር ማሠልጠኛ ማዕከላትም አብዛኛውን ዓመት ዝግ ናቸው። በአንዱ ክፍል ውስጥ ባለ ሶላር ፓናል ባትሪ፣ ኮርሶቹን የጫነ አንድ አነስተኛ ሰርቨርና ዋይፋይ ቢቀመጥ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ አንድ አስጠኚ ቢገኝ ተማሪው ስልኩን ወይም ፍላሹን ይዞ መጥቶ የሳምንቱን ትምህርት ጭኖ ይመለሳል። የገበያ ቀን ከኾነ ደግሞ ሁለቱንም ጉዳይ በአንድ ጉዞ ይጨርሳል። ለዩኒቨርሲቲዎች የቀረጻ ክፍል ከሚወጣው ገንዘብ ጥቂቱ ወደዚህ ቢዞር የሚደርሰው ሰው ቁጥር ይለወጣል። ጸጥታው ባልተረጋጋበት አካባቢ ዕቃውን መጠበቅ ከባድ እንደሚኾን ይገባናል። ያም ቢኾን የጠፋ አንድ ትንሽ ሰርቨር የጠፋ ዩኒቨርሲቲ ያህል አይጎዳም።

ዐሥሩ ዩኒቨርሲቲዎች እያንዳንዳቸው አንድ ዓይነት ኮርስ ለየብቻ ማዘጋጀታቸውም ሊታሰብበት የሚገባ ነው። የመጀመሪያ ዓመት የጋራ ኮርሶች በሀገር አቀፍ ደረጃ ተመሳሳይ ናቸው። የሎጂክ ወይም የኢትዮጵያ ጂኦግራፊ ኮርስ በባሕር ዳርም በደብረ ብርሃንም በእንጅባራም ያው ነው። አንዱ ሎጂክን፣ ሌላው ሒሳብን፣ ሦስተኛው ጂኦግራፊን ወስዶ በደንብ ቢያዘጋጅና ቢለዋወጡ ወጪው ወደ ትንሽ ይወርዳል፤ ጥራቱም ይጨምራል። እንቅፋቱ ቴክኒክ አይደለም። እያንዳንዱ ተቋም በዓመታዊ ሪፖርቱ ላይ "ይህን ያህል ኮርስ አዘጋጀሁ" ብሎ መጻፍ ስለሚፈልግ ነው። ከጎረቤት የወሰደውን ኮርስ እንደ ክንውን የሚቆጥርለት የሪፖርት ቅጽ የለም።

አዲሱ የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል። የዩኒቨርሲቲ ቦርዶች በጀት ሲያጸድቁ፣ የሕዝብ እንደራሴዎችም ሲጠይቁ ሊፈልጉት የሚገባ አንድ መስመር አለ። ከግዥው ሥር "የበይነ መረብ ትምህርት ጥገና፣ የኮርስ ዕድሳትና የባለሙያ ደመወዝ" ተብሎ በመንግሥት ገንዘብ የተያዘ በጀት አለ ወይስ የለም? ካለ ስንት ነው፤ ለስንት ዓመት ነው? ከለጋሽ የመጣው ድጋፍ በየዓመቱ ሲቀንስ ይህ መስመር በዚያው ልክ እንዲያድግ የተቀመጠ ዕቅድስ አለ? በ2012 ዓ.ም ጉብታ ላይ ቆሞ ኔትወርክ ይፈልግ የነበረው ልጅ ዛሬ ተመርቆ በአንድ ወረዳ መምህር ወይም የግብርና ባለሙያ ኾኖ ይኾናል። ሁለተኛ ዲግሪውን ለመማር ሲያስብም የሚያሰላው የመጪውን ክረምት የቤት ኪራይ ነው።